ዓሣ ለማክሰኞ ምሳ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ምርመራ ሄዶ ኮሌስትሮሉ ከፍ ማለቱና ደም ግፊትም መጀመሩ ተነገረው። መድኃኒት ታዘዘለት፤ ሐኪሙ ጨምሮ ‹ሥጋና ቅቤ ቀንስ፣ ዓሣ አዘውትር› አለው። እሱ በደስታ ተቀበለ። በየእሁዱ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዶ አንድ ሙሉ ጥብስና አንድ ሳህን ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ይበላል። ከዚያ ‹መድኃኒቴን ወሰድኩ› ብሎኝ ይገባል። ቤት ውስጥ ግን ዓሣ አይሠራም። አማቴ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው፤ የደጋ ሰው ናቸው። የዓሣ ሽታ አይወዱም፣ ጾምም አጥባቂ ናቸው። ትንሹ ልጄ አንዴ እሾህ ጉሮሮው ላይ ቆሞበት ከዚያ ወዲህ ዓሣ ሲያይ ይሸሻል። እንዴት አድርጌ ነው ዓሣን የቤታችን ምግብ የማደርገው? ሌላው፣ ጎረቤቴ ዓሣ በልቶ ወተት መጠጣት ለምጽ ያመጣል ትላለች። እውነት ነው?
ሐይቁ አጠገብ ሆና ዓሣ የቸገራት»

እህቴ፣ ባለቤትሽ አሳቀኝ። ሐኪሙ «ዓሣ አዘውትር» ሲለው እሱ የሰማው «እሁድ እሁድ አሞራ ገደል ውረድ» የሚለውን ነው። ብዙም አልፈርድበትም። በከተማችን ዓሣ ማለት ሽርሽር ነው። እንግዳ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ወደ ሐይቁ ይወረዳል። ደመወዝ ሲወጣ ይወረዳል። ሙሽሮችም ፎቶ ተነስተው ሲጨርሱ እዚያው ዓሣ ይበላሉ። ሰኞ ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ ሽሮውና ወደ ቀይ ወጡ ይመለሳል።

እኔ የምመክርሽ ዓሣውን ወጥ እንድታደርጊው ነው። ጥብሱ ለእሁድ ይቅር። በሥራ ቀን ግን እንጀራ ላይ የሚወጣ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚገባ ወጥ ይሁን። የአማትሽም፣ የልጅሽም፣ የባልሽም ጉዳይ መላ የሚያገኘው እዚያ ድስት ውስጥ ነው።

አስቀድሜ ግን የባልሽን «መድኃኒት» እንመልከተው። የሐይቃችን ዋናው ዓሣ ቆሮሶ ነው። መቶ ግራም ጥሬ ሥጋው 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ስቡ 2 ግራም አይሞላም። ቫይታሚን ቢ12ም ሞልቶታል። ለልብ ይጠቅማል ተብሎ ስሙ የሚነሳው ኦሜጋ 3 የሚባለው ቅባት ግን በብዛት ያለው እንደ ሳልሞን፣ ማከሬልና ሰርዲን ባሉ የባሕር ዓሦች ውስጥ ነው። ቆሮሶ ከእሱ ትንሽ ነው ያለው። ታዲያ ሐኪሙ ተሳሳተ? አልተሳሳተም። ቆሮሶ ባለቤትሽን የሚጠቅመው ሥጋውንና ቅቤውን ከሳህኑ ላይ ስለሚያስነሳለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ቀይ ወጥ በቅቤ ይበላ የነበረ ሰው እነዚያን ቀናት ዓሣ በትንሽ ዘይት ከበላ ልዩነት አለው። ስድስት ቀን እንደ ድሮው በልቶ እሁድ ላይ ዓሣ ቢጨምር ግን የጨመረው ምሳ ብቻ ነው።

በዚያ ላይ የሐይቁን ዳር ጥብስ ታውቂዋለሽ። ዓሣው ከላይ እስከ ታች ይተለተላል፣ ከዚያ የፈላ ዘይት ውስጥ ገብቶ እስኪደርቅ ይጠበሳል። የተተለተለው ሁሉ ዘይት ይጠጣል። ዘይቱም ቀኑን ሙሉ ሲጠበስበት የዋለ ነው። ይጣፍጣል፣ አልዋሽሽም። አልፎ አልፎ ይብላው። ግን ለኮሌስትሮል የታዘዘው ዓሣ ይሄ አይደለም።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር በሳምንት 2 ጊዜ ዓሣ መብላትን ይመክራል፤ በተለይ ቅባታሙን ዓይነት፣ ያውም በዘይት ያልተጠበሰውን። አንድ ጊዜ የሚባለው መጠን የበሰለ 85 ግራም ያህል ነው። ትንሽ ነው፣ የእጅ መዳፍ ቢያክል ነው። ስለዚህ ወጪውን ፈርተሽ ከሆነ አትፍሪ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ዓሣ አያስፈልግም። መድኃኒቱን ደግሞ «ዓሣ ጀምሬያለሁ» ብሎ እንዳያቋርጥ አደራ።

አሁን ወደ ጥሬው። እዚህ ላይ ከባለቤትሽ ጋር እንጣላለን።

ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የከተማችን ኩራት እንደሆነ አውቃለሁ። ከዓይንሽ ፊት ተፈልፍሎ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ሲቀርብ ማን ይጠረጥረዋል? ግን ተመራማሪዎች የሐዋሳን ሐይቅ ቆሮሶ ሲመረምሩ የትል እጭ አግኝተውበታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ትሉ የሚያድገው ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከኩሳቸው ጋር ውኃው ውስጥ ይገባል። ከውኃው ወደ ትንንሽ ነፍሳት፣ ከነፍሳቱ ወደ ዓሣው ይሻገራል። አሞራ ገደል ደግሞ ወፍ የሚቸግረው ቦታ አይደለም፤ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ሰው ላይ ችግር የሚያመጣው ሁልጊዜ አይደለም። ግን ይቻላል። በዚያ ላይ ሥጋው የሚታጠብበት ውኃ፣ የሚቆረጥበት እንጨት፣ የዝንቡ ነገር አለ። ለተቅማጥ ያ በቂ ነው።

«ሎሚው ይገድለዋል» ይልሻል። አይገድለውም። ሎሚ ሥጋውን ነጭ ስለሚያደርገው የበሰለ ይመስላል እንጂ ትሉ ግድ የለውም። አዋዜም፣ ሚጥሚጣም፣ ቀጥሎ የሚከተለው አረቄም እንደዚያው ናቸው። የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው መሃል 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ። ወይም ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን መቀዝቀዝ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያንን ማን ያምነዋል?

ለእሱ የሚሆን ምትክ ግን አለኝ። የዓሣ ዱለት። ፊሌቶውን፣ ማለትም ከአጥንት የተለየውን ሥጋ፣ በቢላ አድቅቂው። መጥበሻ በትንሽ ዘይት አግዪ፤ ቀይ ሽንኩርትና ቃርያ ከትፈሽ ጨምሪ፣ ዓሣውን አስከትይ። ውኃው እስኪመጥና ሥጋው ሙሉ በሙሉ ነጭ እስኪሆን አማስዪው። ሎሚውንና አዋዜውን ከእሳት ካወረድሽው በኋላ አድርጊበት። ምላሱ የሚፈልገውን ሁሉ ያገኛል። አዋዜው ላይ ግን እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ ጨው ስላለበት ለግፊቱ ጥሩ አይደለም።

ግዢው ላይ እንምጣ፤ የአማትሽ የሽታ ጉዳይ ግማሹ የሚያልቀው እዚህ ነው። ትኩስ ዓሣ አይገማም። የሐይቅ ሐይቅ ይላል እንጂ አፍንጫ አያስይዝም። የሚገማው ቀኑን ፀሐይ ላይ የዋለው ነው። መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ስለሚነሳ፣ ገበያ መሄድ ያለብሽ በጠዋቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትወጪ መንገድ ዳር የምታገኚው ዓሣ ረጅም ቀን ያሳለፈ ሊሆን ይችላል።

ዓይኑን እዪ፦ ጎላ ያለና የጠራ ይሁን፤ የሰረጎደና የደፈረሰ ከሆነ እለፊው። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጠሽ ስንጥቡን እዪ፦ ቀይ ይሁን፣ ቡናማ ከሆነ ቆይቷል። ሥጋውን በጣትሽ ጫን አድርጊው፦ ተመልሶ ይነሳ። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚባለውን ለፖለቲካ ብቻ አታስቀሪው፤ ጭንቅላቱ ጋ ጠጋ ብለሽ አሽትቺ። ሻጩ ቢስቅብሽም ይሳቅ። ፊሌቶ ሆኖ የተቆለለውን ከመግዛት ሙሉውን መርጠሽ ፊትሽ ቢፈለፍሉልሽ ይሻላል፤ ዓይንና ስንጥብ የሌለው ዓሣ ምስክር የለውም። የሚፈለፍሉት ልጆች እጃቸው ፈጣን ነው፣ አታረፍጂም። አጥንቱንና ጭንቅላቱን ትተሽላቸው እንዳትሄጂ፤ ስንጥቡን አውጥተሽ ስታጥቢው ግሩም ሾርባ ይወጣዋል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በቂ ድርሻ አላቸው። ከእጅ መዳፍ የማይበልጡትን ጥቃቅን ቆሮሶዎች ደግሞ አትግዢ። እንቁላል ሳይጥሉ በጠባብ መረብ የወጡ ናቸው፤ ሐይቁ እየሳሳ ያለው በእንዲህ ዓይነት አጠማመድ ጭምር ነው።

ቤት እንደደረስሽ የምታጸጂው አሁኑኑ ነው፤ «ማታ እደርስበታለሁ» አይባልም። በሆዱ በኩል አከርካሪው ላይ የተጋደመ ጥቁር ደም አለ፤ ሽታውን ከሚያባብሱት አንዱ እሱ ነው። በጥፍርሽ ወይም በማንኪያ ፍቀሽ አውጪው። ከዚያ በሎሚና በጨው አሽተሽ ጥቂት ደቂቃ አቆይተሽ እጠቢው። ሎሚ ከሌለ አቼቶ ይሠራል። ይሄ እንዲሁ ልማድ ብቻ አይደለም፤ የዓሣን ሽታ የሚያመጡት ነገሮች አሲድ ሲነካቸው ወደ አየር መትነን ስለሚያቅታቸው ነው። የምታበስዪው በዚያው ቀን ካልሆነ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አታቆዪው።

እንግዲህ ወጡ። ለአምስታችሁ ሦስት ሩብ ኪሎ ፊሌቶ ይበቃል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ አቁላዪው፣ ውኃ ጠብ እያደረግሽ። ሲበስል ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ። በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አስገቢና በደንብ ይንተክተክ። ለዓሣ ቁሌቱ የበሰለ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ዓሣው ከገባ በኋላ ጊዜ የለሽም። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው፤ እንደ በሬ ሥጋ ቀድሞ ያስገባውና ሰዓት ሙሉ ያንተከትከዋል። መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው። አንቺ መረቁን አስተካክለሽ፣ ጨውን ቀምሰሽ፣ ዓሣውን ከሁሉ በኋላ አስገቢ። ማማሰያ አታስገቢበት፤ ድስቱን በጆሮው ይዘሽ ወዝወዝ አድርጊው። አስር ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ሥጋው ነጭ ሆኖ በሹካ ስትነኪው የሚለያይ ከሆነ አውርጂ። የጥብስ ቅጠል ጣል ብታደርጊበት ቤቱ የሚሸተው እሱን ነው። ቅቤ የሚባል ነገር እዚህ አይገባም፤ አለዚያ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነው። ከእንጀራ ሌላ ከቆጮ ጋርም ይስማማል፤ የሲዳማ ጎረቤት ካለሽ ጋብዣትና ትመስክር።

ለአማትሽ ግን በቀዩ አትጀምሪ። አልጫውን አቅርቢላቸው፦ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃርያ፣ ትንሽ ድንች ጣል ያለበት። ለስላሳ ነው፣ ጥርስም አያስቸግር። ሲሠራም መስኮትና በር ይከፈት፤ ውጭ ምድጃ ካለሽ ደግሞ እዚያ ሥሪው። «ለእማማ ብዬ ነው የሠራሁት» በያቸው እንጂ «ሐኪም ስላዘዘ ነው» አትበዪ። የደጋ ሰው በሐኪም ትእዛዝ ዓሣ አይለምድም፤ በአክብሮት ግን ይቀምሳል። ከቀመሱ በኋላ ካልወደዱት ደግሞ ይተዉት። ሽሯቸውን ለብቻ ሥሪላቸው፤ የታመመው ልጃቸው እንጂ እሳቸው አይደሉም።

የጾሙን ነገር ከእሳቸው ጋር አትከራከሪ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ፤ ከንስሐ አባታቸው በላይ እኔም አንቺም አናውቅም። አንድ ቀላል መንገድ አለ፦ ቀናችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ይሁን። ረቡዕና ዓርብን አይነካም፣ ማንም ቅር አይለውም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የዓሣው ገበያ ይሟሟቃል፤ ዋጋውም ይወጣል። ያኔ ብታልፊው ኪስሽም አይጎዳም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ሁሉም ወደ ሥጋ ቤት ስለሚሮጥ ዓሣ ገበያው ዘና ይላል፤ የአንቺ ወቅት እሱ ነው። ሌላው፣ አምባዛ ይዘሽ እንዳትገቢ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ስለሚከለክል ብዙ አጥባቂ ሰዎች አይነኩትም። ለጤና ምንም ችግር የለበትም፤ እኔ እወደዋለሁ። ግን በእሱ ምክንያት ሰላምሽን አትጪ።

ልጅሽ መፍራቱ ትክክል ነው፤ እሾህ ጉሮሮው ላይ የቆመበት ሰው ሁሉ ይፈራል። ጥፋተኛው ምን ዓይነት ዓሣ እንደነበር ብታስታውሺ ጥሩ ነው። ቢልጫ ከሆነ አያስገርምም። ቢልጫ ሥጋው መሃል የተሰገሰጉ ቀጫጭን፣ ጫፋቸው የተሰነጠቀ እሾሆች አሉት፤ ማንም ቢፈለፍለው አይጨርሳቸውም። ቆሮሶ እነዚያ የሉትም። የእሱ አጥንት አከርካሪውና ጎድኑ ላይ ነው፤ ፊሌቶው በአግባቡ ከወጣ ንጹሕ ነው። ያም ሆኖ ለልጁ የምትሰጪውን በጣትሽ ዳሰስ ዳሰስ አድርጊው። ከዚያ ከተቀቀለ ድንች ጋር ፈጭተሽ፣ ጠፍጣፋ አድርገሽ፣ መጥበሻ ላይ በጥቂት ዘይት አገላብጪው። ዓሣ መሆኑን አትደብቂው፣ ግን አታውጂበትም። ራሱ ድንቹን በእጁ እንዲያቦካ ብታደርጊው ደግሞ ፍርሃቱ ቶሎ ይለቀዋል። «ዓሣን መብላት በብልሃት» ይባል የለ?

እሾህ ድንገት ቢይዘው ደረቅ እንጀራ ጎርሶ እንዲውጥ አታድርጊ፤ ጠልቆ ሊወጋው ይችላል። ሕመሙ ካልለቀቀው ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተው በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ቢልጫን ለልጆች የማልመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በሐይቃችን በተደረጉ ጥናቶች ትንንሽ ዓሣ የሚበላው ትልልቁ ቢልጫ ላይ ከፍ ያለ ሜርኩሪ ተገኝቷል። ቆሮሶ በብዛት የሚመገበው ውኃ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ነገር ስለሆነ የሚጠራቀምበት በጣም ትንሽ ነው። ቤተሰብ ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ካለች ለእሷም ቆሮሶ ይሻላታል።

ኦሜጋ 3 ቀርቷል። የባሕር በር የሌለን ሰዎች ሳልሞን ፍለጋ መንከራተት የለብንም። ሱቅ ውስጥ ያለው የቆርቆሮ ሰርዲን ይበቃል። ርካሽ ባይሆንም አንዱ ቆርቆሮ ለሁለት ሰው ይሆናል። ዘይቱን አፍስሺው፣ ከቲማቲም፣ ከቃርያና ከሽንኩርት ጋር ደባልቀሽ በዳቦ ብሉት። አጥንቱ ስለሚልም አብሮ ይበላል፤ ካልሲየም ነው። ጨው ግን አለበት፣ ስለዚህ አንቺ ሌላ አትጨምሪ። ባለቤትሽ ሪህ ካለበት ደግሞ ሰርዲኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ተልባም ኦሜጋ 3 አለው፤ ሰውነታችን ወደሚፈልገው ዓይነት የሚለውጠው ትንሹን ብቻ ነው እንጂ ተልባ መጠጣቱ አይከፋም። አማትሽ ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የወተቱ ነገር፦ ጎረቤትሽ ብቻዋን አይደለችም፣ በብዙ አገር ይባላል። ግን እውነት አይደለም። ለምጽ ከምግብ ድብልቅ የሚመጣ በሽታ አይደለም፤ ዓሣን በወተትና በክሬም የሚሠሩ አገሮች ሞልተዋል። ዓሣ ወይም ወተት በተፈጥሮው የማይስማማው ሰው ካለ፣ ለብቻ ሲወስደውም ያሳክከዋል ወይም ሆዱን ይነፋዋል። ልጆችሽ ማክሰኞ ዓሣቸውን በልተው ማታ ወተታቸውን ይጠጡ።